ለቀረኝ ጉልበት

ከዚራ ላይ ሙቀቱ ቦታውን ሳይዝ ገና፣
የኒሙ ጥላ ሳይወርድ በግቢው ጎዳና፣
ሰሌኔን አንጥፌ፣ በሆዴ ተኝቼ፣
ትራሴን ከእግሬ ሥር ወዲያ አሽቀንጥሬ ትቼ፣
ይኸው እቆጥራለሁ።

ግራዬ አጭር ነው፣ ከጉልበት በታች ባዶ፤
ሲኖትራክ ሄደበት፣ ከመልካ ጀብዱ ወርዶ።
ስለ እሱ ግን አይደለም የዛሬው ወሬዬ፤
ላንተ ነው፣ ለቀረኸው፣ ቀኙ፣ አሽከሬ፣ ጌታዬ።

ዓመት ሙሉ ነዳሁህ እንደ ኪራይ ሳይክል።
በሰዓት የተከራየ ልጅ ለጎማ አይሳሳ፤
ጉድጓዱን ሁሉ ዘሎ፣ ተጣሞ ይመልሰዋል፣ ባለቤቱ ያንሳ።
እኔም እንዲሁ፦ ከአልጋዬ እስከ ደጅ፣ ከደጅ እስከ በር
በአንድ እግር እየዘለልኩ፣ ክብደቴን በሙሉ ባንተ ላይ ስከምር።
"ክራንች ያሳፍራል" አልኩ፤ "እንቅስቃሴው የልጅ ጨዋታ ነው" አልኩ፤
ቤት ዘግቼ ከቬንትሌተሩ ጋር ተፋጠጥኩ።

እና አበጥክ።
አንድ ማታ ደረጃ ላይ ጮህክ፣
ቂው... ቋ፤
ሌላ ሰው ያልሰማት፣ እኔ የማውቃት ቋንቋ።
ሠላሳ ዓመት ሳይክል ጠግኛለሁ፤ ያን ድምፅ አልስተውም፤
ኩሽኔታ ግራሶ ሲያልቅበት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሂንዲያ፣ የሳቢያኗ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ
(በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ ቁጣዋ ግን የእናቷ)
በመዳፏ ይዛህ፣ አጠፍ ዘርጋ አድርጋ፣
"የተቆረጠውስ ድኗል" አለች፤ "እኔን የሚያሰጋ
ይሄ የቆመው ነው። የሁለት ሸክም ሲሸከም ማን አየለት?
ሳይክል ላይ ታደርገዋለህ አንተ፣ በአንድ ወገን ጭነት?"
(ድሬ ነው፤ አንቱታ የለም።)

አፈርኩ።
በእጄ ያለፈውን ቸርኬ ሁሉ አስታወስኩ።
ሲወላገድ፣ ሚዛን ስቶ ሲንገዳገድ፣
አንዱ ሽቦ ሲላላ ነው ሌላው የሚገደድ።

ያኔ ጀመርን።
ሃያ ደቂቃ በሆድ፣ ዳሌዬ እንዳይኮማተር፤
አጭሩን እግር ወደ ኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ካንድ እስከ አሥር፤
ደግሞ በጎን። ደግሞ ዱካዬን ሸጬ፣ በሱ ፈንታ
ከፍ ያለ ወንበር፤ ቁጭ ብድግ፣ ያለ እጅ፣ ያለ ኡኡታ።
ጎረቤቴ ዩያ በአጥር አሾልኮ አይቶ፣
"ደቻቱ ደርቆ ሳለ ዋና ትማራለህ?" አለኝ ተንከትክቶ።
ሳቅ፣ ዩያ።

ጉልበት ይሉታል ኃይልን፤ ጉልበት ይሉታል ይህን አጥንት፤
ቋንቋችን ቀድሞ አውቆታል፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንደማይገኝበት።
ግጥምና መገጣጠሚያም ከአንድ ግንድ ነው የበቀሉት፤
ከላላ አይገጥም፣ ከጠበቀም አይገጥም፤ ስንኝም ይሁን አጥንት።

ዛሬ ሦስት ወር ሞላን። ዳንክ ብዬ አልዋሽም፤
ለደረጃ ታኮርፋለህ፤ ክረምት ሲቃረብ ዝም አትልም።
ግን ያች ቂው ቋ ቀንሳለች፤
ትላንት በሰው ሠራሹ ከለገሃር አሸዋ ስሄድ
ጥላዬ ወደ አንድ ጎን አላዘመመች።

ከሰዓት አንድ ልጅ መጣ፣ ሳይክሉን እየገፋ፣
"ፔዳሉ ይጮሃል" አለኝ፣ ማንጎ ጉንጩን እንደነፋ።
ሳንቲም እንደሌለው አየሁ፤ ከወንበሬ ተነሳሁ፣
ያለ እጅ፣ ያለ ኡኡታ። ኩሽኔታውን ፈታሁ።
ግራሶ ቀብቼ አዞርኩለት፤ ዝም አለ።
"ሌላ ጊዜ እስኪጮህ አትጠብቅ፤ ብረት የሚዝገው ከዋለ
ሳይዞር ነው" አልኩት።
ልጁ ሄደ፣ በቆመ ቂጡ እየጋለበ።

ለማን እንደተናገርኩ አንተ ታውቃለህ።
ነገም ሌሊት ሰሌኑ ላይ ነን።
ሂንዲያ አሥራ አምስት ብላለች፤
እኔ አሥራ ሁለት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፤
የቀሩትን ሦስት
አንተ ቁጠርልኝ።